ነፋሱ የማን ነው? ስለ አንድ አሮጌ የነፋስ ወፍጮ

ለመሆኑ አንድ ዕቃ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከሰው የሚጠብቀው ውለታ አለን? ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ዕቃ ያው ዕቃ ነው፤ አይበድሉትም፣ አይክሱትም። የተሰበረ ማረሻ ወደ ቀጥቃጩ ይመለሳል፤ የነቃ እንስራ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል፤ ያረጀ ሰፌድ እሳት ማራገቢያ ሆኖ ዕድሜውን ይፈጽማል። በዚህ ምክንያት ንስሐ የገባ ሰው አልሰማንም። ይሁን እንጂ በየአገሩ ሰዎች ከአሮጌው ዕቃ መካከል አንዳንዱን እየመረጡ፣ ገንዘብና ጉልበት እያፈሰሱ፣ ዝናብና ነቀዝ እንዳይጨርሰው ይጠብቁታል። ምኑን ነው የሚጠብቁት? እንጨቱን? መልኩን? ወይስ ከእንጨቱም ከመልኩም ሌላ ነገር አለ?

በዚህች ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ ወፍጮ ላይ ልንፈትነው አስበናል። ወፍጮን የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ እንጀራ የሚበላ ሁሉ ስለ ወፍጮ አንድ ነገር አውቃለሁ ይላል። እስቲ ማወቃችንን እንየው።

ወፍጮው የሚገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በበኪንግሃምሻየር፣ በፒትስቶንና በአይቪንጎ መንደሮች ወሰን አጠገብ፣ በአንድ ሰፊ እርሻ ጥግ ላይ ነው። የተሠራው በነፋስ እንዲዞር ነው። ከአካሉ እንጨቶች በአንዱ ላይ 1627 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ በዙፋን ላይ ነበሩ። በብሪታንያ ዕድሜያቸው በገዛ አካላቸው ላይ ተጽፎ ከተገኘ የነፋስ ወፍጮዎች መካከል እጅግ አሮጌ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው።

አሠራሩን ላላየ ሰው እንዲህ ብለን ብናስረዳ ይቀላል። በእግር ላይ የቆመ ጎተራ በሐሳባችሁ ሣሉ፤ ነገር ግን ይህ ጎተራ ብዙ እግር የለውም፤ መላ አካሉ በአንድ ወፍራም ግንድ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። ግንዱን ከሥር መስቀልኛ የተጋደሙ አግዳሚዎችና ሰያፍ ድጋፎች አጥብቀው ይዘውታል። ከጎተራው ፊት አራት ረጃጅም ክንፎች አሉ፤ ከጀርባው ደግሞ እስከ መሬት የሚወርድ ረጅም እንጨት እንደ ጅራት ተዘርግቷል። ነፋስ አቅጣጫውን ሲቀይር ባለ ወፍጮው ያን ጅራት እየገፋ ቤቱን በሙሉ ያዞረዋል። ክንፎቹ ምንጊዜም ነፋሱን ፊት ለፊት መቀበል አለባቸው፤ ኃይለኛ ነፋስ ድንገት ከኋላ ከመጣ ክንፍ ሊገነጥል፣ ቤቱንም ሊጥል ይችላል። በክንፎቹ ላይ ሸራ ይወጠራል፤ ነፋስ ሲበረታ ሸራው ይጠቀለላል፣ ሲደክም ይዘረጋል።

ክንፎቹ ሲዞሩ አንድ ትልቅ ጥርሳም መንኰራኩር ይዞራል፤ እሱም ትንሹን ያዞራል፤ ትንሹ ደግሞ የላይኛውን ድንጋይ። የታችኛው ድንጋይ ከቦታው አይነቃነቅም። እህሉ በላይኛው ድንጋይ መሐል ባለው ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል፤ ዱቄቱ በድንጋዮቹ ዳር ዳር ይወጣል። በድንጋዮቹ ፊት ላይ ቦይ ቦይ ተቀርጾባቸዋል፤ ሲለሰልሱ የላይኛው ይነሣና እንደገና ይወቀራሉ። መውቀር ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወፍጮና መጅ ያለበት ጓዳ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ወፍጮ 300 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሁለቱን መንደሮች እህል ፈጨ። በ1874 የአሽሪጅ ርስት ጌታ የነበሩት ሦስተኛው ኧርል ብራውንሎ ገዙት፤ ለአካባቢው ገበሬም አከራዩት። በ1902 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መታው። ለመጠገን የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ጥቅም ስለበለጠ እንደ ወደቀ ተተወ። ያ ዘመን እህሉን በብረት ሲሊንደሮች መካከል የሚፈጩ የእንፋሎት ፋብሪካዎች በወደብ ከተሞች ተተክለው ከባሕር ማዶ የመጣውን ስንዴ ሌት ተቀን የሚፈጩበት ዘመን ነበርና፣ የአንድ መንደር ወፍጮ መሞት ማንን ያስደንቃል? በ1922 ገደማ መሬቱ በአቅራቢያው የነበረ ገበሬ ፍርስራሹን ከርስቱ ላይ ገዛው፤ በ1937 ደግሞ ናሽናል ትረስት ለተባለው፣ በ1895 ለተቋቋመው የጥበቃ ድርጅት በስጦታ አስረከበው። ቢሆንም ወፍጮው ወዲያው አልተነሣም። በ1963 ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው በገዛ ገንዘባቸው ጥገናውን ጀመሩ። በ1970፣ ከ68 ዓመት ዝምታ በኋላ፣ የፒትስቶን ወፍጮ እንደገና እህል ፈጨ።

ይህን ታሪክ ስናወራ ከጓደኞቻችን መካከል የሳቁብን አሉ። «የጠገበ አገር ጨዋታ ነው! ስንቱ በሚራብበት ዓለም ለአሮጌ እንጨት እንዲህ ይለፋል?» አሉን። ክርክሩ ቀላል አይደለምና በቀላሉ አንለፈው። አንድ ሰው የመጨረሻ ብሩን ይዞ በአንድ በኩል የተራበ ልጅ፣ በሌላ በኩል የፈረሰ ወፍጮ ቢቀርቡለት፣ ብሩን ለወፍጮው መስጠት ነውር መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን ኑሮ እንዲህ ያለ ንጹሕ ምርጫ የሚያቀርብልን ስንት ጊዜ ነው? የፒትስቶን ሰዎች ያወጡት የራሳቸውን ጊዜና የራሳቸውን ገንዘብ ነው፤ ከማንም አፍ አልነጠቁም። ደግሞስ ራብ የመጣው ሰው ወፍጮ ስለጠገነ ነውን? የራብ ነገር መፍትሔ የሚያገኘው እህሉ የማን ነው፣ መሬቱ የማን ነው፣ ወፍጮው የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ደግሞ አሮጌ ወፍጮ ከብዙ መምህር አስበልጦ ያውቃቸዋል። ወደዚያ እንመጣለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጻሕፍት የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ረስኪን በ1849 ባሳተመው ስለ ሕንጻ ጥበብ በሚናገር መጽሐፉ፣ ያረጀን ሕንጻ አድሶ እንደ ጥንቱ አደረግሁት ማለት ውሸት ነው ሲል ተከራክሯል፤ የሞተውን ሠራተኛ እጅና መንፈስ መልሶ የሚያመጣ የለምና። ባለቅኔውና ሶሻሊስቱ ዊልያም ሞሪስም በ1877 የጥንታዊ ሕንጻዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲያቋቁም ከዚሁ ሐሳብ ተነሥቶ ነው፤ ጥገና ይፈቀዳል፣ የጥንቱን አስመስሎ መሥራት ግን ነውር ነው። በዚህ ላይ ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የሚጣሉበት የቴሴዎስ መርከብ አለ፤ ሳንቃው አንድ በአንድ እየተነቀለ በአዲስ ከተተካ መርከቡ ያው መርከብ ነውን? የፒትስቶን ወፍጮስ በአዲስ እንጨት ከቆመ የ1627ቱ ነው ማለት ይቻላልን?

እኛ የረስኪንን ክርክር ለተቀረጸ ሐውልት እንቀበለዋለን። የቀራጩ መሮ ያረፈበት ፊት ከፈረሰ በኋላ ሌላ ሰው የሚቀርጸው ፊት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ወፍጮ ግን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እንዲሰበርና እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። የመንኰራኩሩ የእንጨት ጥርሶች አንድ በአንድ እንዲነቀሉና እንዲተኩ ሆነው ነው የሚሰኩት፤ አንድ ነገር ከተቀረቀረ ትንሿ ጥርስ ተሰብራ ትልቁን መንኰራኩር ታድነዋለች። ክንፎቹ በዝናብና በፀሐይ ይበሰብሳሉ፤ የወፍጮውን ያህል ዕድሜ የሚኖር ክንፍ የለም። ድንጋዩ በተወቀረ ቁጥር ይሳሳል። እንግዲህ የ1627ቱ ወፍጮ በ1727 ጭምር የመጀመሪያ እንጨቱን ሁሉ ይዞ አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ያኔ ሌላ ወፍጮ ሆኖ ነበር ልንል ነው? ፈላስፋው ይጨነቅበት ይሆናል፤ ገበሬው ግን እህሉን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ወፍጮን ያው ወፍጮ የሚያደርገው ሥራውና ሥራውን የሚያውቁ እጆች ናቸው እንላለን። በ1963 በጎ ፈቃደኞቹ የተበጠሰ የጥገና ክር አንሥተው ቀጠሉት። ይህ ማስመሰል አይባልም። እንዲያውም ወፍጮው በውሸት ቆሞ የነበረው በ1902 እና በ1963 መካከል ነው ብንል አንሳሳትም፤ የመጀመሪያ እንጨቱ የቀረለት ያን ጊዜ ነበር፣ ግን ወፍጮ አልነበረም።

እሺ፤ እስከዚህ ከተስማማን ክርክሩ ያለቀ ሊመስል ይችላል። ወፍጮው ይዙር፣ ሸራው ይወጠር፣ ጎብኚው ፎቶግራፉን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሂድ! እኛን ያስጨነቀን ነገር ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአረንጓዴ መስክ ላይ ክንፉን የዘረጋ ወፍጮ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሰላም የሰፈነበት፣ ሰው ሁሉ ጎረቤት የሆነበት ዘመን ያስመስላል። እውን እንዲህ ያለ ዘመን ነበርን? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እስቲ ወደ ሥሩ እንውረድ።

የነፋስ ወፍጮ ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው ከአውሮፓ አይደለም። በምሥራቅ ፋርስ፣ ሲስታን በተባለው ነፋሻ ምድር ስለነበሩ የነፋስ ወፍጮዎች በ10ኛው መቶ ዓመት የኖሩ የዓረብኛ ጸሐፊዎች ተናግረዋል። የእነዚያ ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የዚሁ ዓይነት ወፍጮዎች በኢራን፣ በኾራሳን ምድር፣ ናሽቲፋን በተባለች ስፍራ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። በአውሮፓ ዘንጉ አግድም የሆነው ወፍጮ ብቅ ያለው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ብቅ ባለ በጥቂት ዓመት ውስጥም ጠብ አስነሣ።

በ1191 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በበሪ ሴንት ኤድመንድስ፣ ሄርበርት የሚባል የካህናት አለቃ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። ይህን የሰሙት የገዳሙ አበምኔት ሳምሶን ከቁጣቸው ብዛት እህል አልቀምስ፣ ቃል አልናገር እስኪሉ ደረሱ፤ ወፍጮውም ተነቅሎ እንዲፈርስ አዘዙ። ሄርበርት ቀርቦ ተከራከረ፤ በገዛ መሬቴ ላይ ነው የሠራሁት፣ የምፈጨውም የራሴን እህል ብቻ ነው፣ ደግሞስ የነፋስ ጥቅም ከሰው ሊከለከል ይገባልን? አለ። አበምኔቱ አልተረቱም። የከተማው ሰው ወደ አንተ ወፍጮ ይጎርፋል፣ ነጻ ሰዎች ስለሆኑ ልቀጣቸው አልችልም፣ የእኔ ወፍጮዎች ይጎዳሉ የሚል ነበር መልሳቸው። ሄርበርትም የአበምኔቱ ሰዎች መጥተው ከሚያፈርሱበት ብሎ ራሱ አፈረሰው። ታሪኩን ጽፎ ያቆየልን የዚያው ገዳም መነኩሴ ጆስሊን ዘብሬክሎንድ ነው።

ነፋሱ የማን ነው? ጥያቄው እንግዲህ ከ800 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አበምኔቱ ነፋስን የእኔ ነው ለማለት እንኳ አልደፈሩም፤ አላስፈለጋቸውምም። ነፋሱን የሚይዘውን ክንፍ መከልከል በቂ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የባሰ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ አገር ጭሰኛ እህሉን በጌታው ወፍጮ ብቻ የማስፈጨት ግዴታ ነበረበት፤ ከሚያስፈጨውም ድርሻ ይቆረስበታል። (በፈረንሳይ እንዲህ ያለው የጌቶች መብት ያለ ካሣ የተሻረው በአብዮቱ ጊዜ በ1793 ነው።) ድሃው ከዚህ ቀንበር የሚያመልጥበት አንድ መንገድ ነበረው፤ እሱም ቤቱ ውስጥ የደበቀው የእጅ ወፍጮ ነው። በሴንት ኦልባንስ ገዳም ከ1327 እስከ 1336 አበምኔት የነበሩት ሪቻርድ ዘዋሊንግፎርድ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ፤ የሠሩት ሰዓት በታሪክ ይጠቀሳል። እኚሁ ሊቅ የነዋሪዎቹን የእጅ ወፍጮዎች ሰብስበው ወረሱና ድንጋዮቹን በገዳሙ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ወለል ላይ አስነጠፏቸው። ድሃው ግብር ሊከፍል፣ ይግባኝ ሊል በገባ ቁጥር የሚረግጠው የገዛ እናቱን ወፍጮ ሆነ።

ድንጋዮቹ ለሃምሳ ዓመት ያህል ተረገጡ። በ1381 የእንግሊዝ ገበሬዎች ሲነሡ የሴንት ኦልባንስ ሰዎች በዊልያም ግሪንድኮብ መሪነት ወደ ገዳሙ ገቡ። ወርቅ ፍለጋ አልሮጡም፤ ወለሉን ነቀሉ። ድንጋዮቹን ሰባብረው፣ በቤተ ክርስቲያን የተባረከ ዳቦ እንደሚታደል፣ እኛ መክፈልት እንደምንለው፣ ለእያንዳንዱ ቁራሽ ቁራሽ አከፋፈሉ። ንቅናቄው ተሸነፈ፤ ግሪንድኮብም በዚያው ዓመት ተሰቀለ።

እስቲ አሁን ይህን ይዘን ወደ አገራችን ጓዳ እንግባ። ለሴንት ኦልባንስ ጭሰኛ የእጅ ወፍጮ ነጻነቱ ነበር። ለእኛ እናቶችስ? ዶሮ ሳይጮኽ መነሣት፣ በኩራዝ ብርሃን ወፍጮ ላይ ማጎንበስ፣ የወገብ መቆረጥ፣ የመዳፍ መላጥ ነበር። ልጅ በጀርባ አዝሎ የሚፈጭ ጤፍና ዳጉሳ ስንት የሴት ዕድሜ እንደበላ የቆጠረ የለም። የሞተር ወፍጮ ቤት በገባበት መንደር እልል ያሉ እንጂ ያለቀሱ እናቶች አልሰማንም። በድንጋይ ወፍጮ ስለተፈጨ ዱቄት ጣዕም በናፍቆት የሚያወራው ብዙውን ጊዜ የበላው ነው እንጂ የፈጨችው አይደለችም።

እንግዲህ ልብ እንበል። አንዱ ድንጋይ እዚያ ነጻነት፣ እዚህ ጫና። የነፋስ ወፍጮውም እንዲሁ ነው፤ ለአንዷ ሴት ከወገብ ሕመም የሚያድን፣ ለአንዱ ጭሰኛ ደግሞ ግብር የሚቀማ መሣሪያ። ትርጉሙ ከድንጋዩ ውስጥ አይገኝም። ድንጋዩን አጥበን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብናስቀምጠው፣ ይህ የእጅ ወፍጮ ነው ብለን ብንጽፍበት፣ ስለ እሱ ምንም አልተናገርንም። ማን ፈጨበት? ለማን ፈጨ? ከዱቄቱ ማን ምን ያህል ወሰደ? እምቢ ያለው ሰው ምን ደረሰበት? ዕቃውን ዕቃ ያደረገው ይህ በሰውና በሰው መካከል ያለው ነገር ነው። የተጣለ ዕቃ ከእኛ የሚጠብቀው ውለታ የለም፤ በእሱ ላይ የደከሙና የተበደሉ ሰዎች ግን የሚጠብቁት አለ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ፣ በእኛ አስተያየት፣ ይህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? አንድን ወፍጮ ጠበቅን ለማለት ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት፤ ሥራው፣ ሙያውና ጠቡ።

ስለ ሥራው ተናግረናል። ስለ ሙያው የኔዘርላንድስ ሰዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። በዚያ አገር በ1972 የበጎ ፈቃድ ባለ ወፍጮዎች ማኅበር ተቋቁሞ፣ ነፋስ ማንበብን፣ ሸራ መወጠርን፣ ፍሬን መያዝን ለፈለገ ሰው ያስተምራል። ዩኔስኮ በ1997 ውሃ ከረግረግ የሚያወጡትን 19 የኪንደርዳይክ ወፍጮዎች በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ2017 ደግሞ የባለ ወፍጮውን ሙያ ራሱን በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው። ይህ ቅንጦት እንዳይመስለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነዳጅ ሲጠፋ ኪንደርዳይክ ውሃ ማውጣት የቻለው ወፍጮዎቹ ስለነበሩና የሚያዞራቸው ሰው ስላልጠፋ ነው። ሙያ ከሞተ በኋላ እንጨቱ ቢኖር ምን ይረባ ነበር?

በዚያው አገር ወፍጮ ቋንቋም አለው። የቆመ ወፍጮ ክንፎቹ በሚያርፉበት ቦታ ለመንደሩ ይናገራል፤ አንዱ ክንፍ ወደ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ ደስታ ነው፣ ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ ሐዘን ነው። በጁላይ 2014 የማሌዥያው አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች ሲያልቁ፣ አብዛኞቹም የኔዘርላንድስ ሰዎች ስለነበሩ፣ ወፍጮዎች ክንፋቸውን ወደ ሐዘን አዙረው ቆሙ። እንዲህ ያለ ወፍጮ ዕቃ ብቻ ነው የሚል ካለ እኛ አንከራከረውም፤ ለቅሶ የደረሰ ዕቃ ነው እንለዋለን።

የቀረው ሦስተኛው፣ ጠቡ ነው። ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። «ኧረ ተዉት! የሞተ ጠብ ማንሣት ምን ያደርጋል? አበምኔቱም ሞቱ፣ ጭሰኛውም ሞተ» የሚለን አይጠፋም። የፒትስቶን ወፍጮ የእነዚያ ጠቦች መድረክ ነበር አንልም፤ የበሪውና የሴንት ኦልባንሱ ነገር ከእሱ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ሆኖም በእሱ ታሪክ ውስጥ እንኳ የኧርሉ ስምና ማዕረግ ከነዓመቱ ሲነገር፣ በየማለዳው ጆንያ የተሸከመው ሰው ስም አብሮ አይነገርም። ይህ ዝምታ ራሱ የጠቡ ቅሪት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን የወጋውም የተወጋውም አፈር ሆነዋል። ታዲያ ማን ያስታውስ? የሚያስታውስ የቀረው ወፍጮውን የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው። እሱ ክንፉን ቀብቶ፣ መስኩን አጭዶ፣ ጠቡን ግን ዝም ካለ ከወጊው ጋር ቆመ ማለት ነው። ውበቱን ጠብቆ በደሉን የሚጥል ጥበቃ የሪቻርድን ወለል እንደገና እንደ ማንጠፍ ነው፤ ድንጋዩ ያምራል፣ የሚረገጠው ግን የሰው ወፍጮ ነው። ስለዚህ የጥበቃ ሥራ የሙያ ጉዳይ ብቻ ተብሎ ለአናጢና ለመሐንዲስ የሚተው አይደለም፤ የፍርድ ጉዳይ ነው።

የለም፣ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አዳማ አጠገብ ሲደርስ ቀና ብሎ ኮረብታውን ይመልከት። በ2012 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተተከለው አዳማ አንድ፣ በ2015 ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተተከለው አዳማ ሁለት ተመርቀዋል። እነዚህ እህል አይፈጩም፤ የሚፈጨውን ሞተር የሚያዞር ኃይል ግን ያመነጫሉ። ነፋሱ ያው ሄርበርት የተከራከረበት ነፋስ ነው። ጥያቄውም አላረጀም፤ ከነፋሱ የተገኘው ብርሃን ማን ጓዳ ይደርሳል? ሽቦው በማሳው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ ማታ በምን ያያል? ወፍጮ ቤት ከመንደሯ ሁለት ሰዓት የምትርቅባት ልጅ ጀርባዋ የሚያርፈው መቼ ነው? ተርባይኖቹም አንድ ቀን ያረጃሉ። ያኔ የሚመጣ ትውልድ ከመካከላቸው አንዱን ለመታሰቢያ ላቁም ቢል፣ ምሰሶውን ብቻ ሳይሆን የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ጭምር ይፈልጋል። መልሱን የምንጽፈው እኛ ነን።

እንግዲህ በመጨረሻ ለመሰሎቻችን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ክረምት ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደየአገራችን እንገባለን። በየቤታችን ጓዳ ወይም ደጃፍ ላይ ተገልብጦ የተረሳ፣ አንዳንዴም ልብስ ማጠቢያ የሆነ ወፍጮ ይኖራል። ይዘን እንምጣ፣ ቤተ መዘክር እናስገባው አንልም። አያቶቻችን አጠገብ እንቀመጥና እንጠይቅ፦ ይህ ወፍጮ ከየት መጣ? በምን ይወቀር ነበር? በሌሊት ስንት ቁና ይፈጭበት ነበር? ለቤት ነው ወይስ ለባላባቱ ድግስም? ስትፈጩ ምን ታንጎራጉሩ ነበር? የሚሉንን ሳናሳምር፣ ሳናስተካክል፣ ከነምሬቱ እንጻፈው። ለዚህ ገንዘብ አይጠይቀንም፤ ደብተርና እርሳስ፣ ትንሽም ትዕግሥት ይበቃል። የምናመጣውን ጽሑፍ በዚህችው መጽሔት ላይ ለማንበብ እንጠብቃለን።